በሚዛን አትሽጠው

የወይዘሮ አስካለ አርባ በወጣ ሰሞን የእህቷ ልጅ ሱቄ መጣና ከኪሱ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ከዕቃ ማሳያው መስተዋት ላይ አስቀመጠልኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ባንክ ቤት ይሠራል። ለቀብሯ ባይደርስም ለአርባዋ አውቶቡስ ተሳፍሮ እዚህ ድረስ መጥቷል። ሶፍቱን ሳይገልጠው ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። «ጋሼ፣ በዚህ ነገር እርስዎ አዋቂ ነዎት ብለውኛል። ይሄ ለመታሰቢያነቱ ተፈልጎ የሚሰበሰብ ነው፣ ወይስ እንዲያው ወርቅ ብቻ ነው?» አለኝ። ገለጥኩት። በጃንሆይ ዘመን ለልደታቸው ተብሎ የተመታ የመታሰቢያ ወርቅ፤ አናቱ ላይ አንጥረኛ የበየደው ማንጠልጠያ፤ ማንጠልጠያው ውስጥ ደግሞ ጣት የማታህል ቁራጭ ጥቁር ክር። ዓይኔ ወርቁን ትቶ ክሩ ላይ ቀረ። «እኔ ጋ ይደር፣ ነገ ጠዋት ና» ብዬ ሰደድኩት። ዋጋ የማጣራለት መስሎት አመስግኖኝ ሄደ።

ይቺን ጥያቄ እኔና አስካለ ስንት ዘመን ተነታርከንባታል። ያኔ ይቺ የኬንያ ወገን ሞያሌ እንዲህ አልነበረችም። ዛሬ ጠዋት እዚህ ቁርሱን የበላ ሰው ማታ ናይሮቢ ይደርሳል፤ አስፋልቱ እንደ ምላስ ለስልሷል። አስፋልቱ ከመምጣቱ በፊት ግን ወደ ናይሮቢ የሚሄድ ሰው በከብት መኪና ላይ፣ ከበሬዎቹ ጀርባ በላይ በተጋደመ ብረት ላይ ተቀምጦ ነበር የሚሄደው። በአቧራው ምክንያት ወጣቱም ሽማግሌ መስሎ ይገባል። ከጎልቦ የሚመጡት ሴቶች የግመል ወተት በቢጫ ጀሪካን ተሸክመው በሱቄ ፊት ያልፋሉ፤ ከቡቲዬ የመጣ ፍየል በረንዳዬ ላይ ይተኛል። ሻይ አስር ሽልንግ፣ ቻፓቲም አስር ሽልንግ፤ ብር የያዘም በብሩ ይከፍላል፣ ማንም ፊቱን አያጠቁርበትም። ልጆቹ ከሚቱምባ፣ ከሰልባጁ ክምር ውስጥ እግር ላይ የሚጣበቀውን ሱሪ መርጠው ይለብሳሉ፣ ሰው በሚያመላልሱበት ሞተር ሳይክል፣ በቦዳ ቦዳቸው ላይ ስፒከር ያስራሉ፣ አንዱ አማርኛ ሲያዘፍን ሌላው ኦሮምኛ፣ ሦስተኛው ደግሞ የሞምባሳ ዘፈን፤ መገናኛው ላይ ሲቆሙ ሁሉም ይደባለቅና ጆሮ ያደነቁራል። እኔ እቆጣቸው ነበር። አሁን ያ ጫጫታ ይናፍቀኛል።

እኔ ፔርሙስ፣ ባትሪ፣ የፕላስቲክ ጫማና ፍራሽ ነው የምሸጠው። ሰው የሚያውቀኝ ግን በሳንቲም ነው። ከመስተዋቱ ሥር፣ ከባትሪው ጎን፣ መሐሏ የተበሳ የእንግሊዝ ዘመን ሳንቲም አለኝ፣ ጠገራ ብር አለኝ፣ የጣሊያን ሊሬ አለኝ፣ ዝገት የበላው መዳብም አለኝ። ሹፌሮች ከየሄዱበት ያመጡልኛል። «አባ ሳንቲም» ይሉኛል፤ ስሜን የሚያውቀው የሰፈሩ ሹም ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የሞተ ሰው ገንዘብ ምን ያደርግልሃል ብለው ይስቁብኛል። እኔም በማይገባው ሰው አልናደድም፣ እላለሁ እንጂ እናደዳለሁ።

አስካለ ከሱቄ ቀጥሎ ያለውን ሆቴል ነበር የያዘችው። ሆቴል ስል አልጋ ያለው እንዳይመስላችሁ፤ አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ምድጃና ለሹፌሮች የምትጠብሰው ማንዳዚ የሚሉት ቦምቦሊኖ ነው። ባሏ ሹፌር ነበር፤ መኪና ተገልብጦበት ሲሞት እሷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ወንድ ልጅ ስትወልድ ምትኩ አለችው። ያ ወርቅ ከአማቷ የተሰጣት የሠርጓ ቀን ስጦታ ነው። ሙሽራ አንገቷ ላይ ታድርገው ተብሎ ዲላ አንጥረኛ ዘንድ ሄደና ማንጠልጠያ ተበየደበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በጥቁር ክር ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ነው፤ ማንዳዚ ስትጠብስ እንኳ እየተወዛወዘ ዘይቱን ሊነካ ይደርሳል። እኔ ያንን ማየት ያመኝ ነበር።

«አንቺ ሴት፣ ይሄን የበየደልሽን ሰው እጁን ይያዘው!» እላታለሁ። «ንጹሑን ይዘሽው ቢሆን ኖሮ ከወርቅነቱ በላይ ስንት እጥፍ ያወጣ ነበር። አሁን ማን ይነካዋል?»

«ታዲያ በምን ላንጠልጥለው፣ በምስማር?»

«አይንጠለጠልማ! በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል።»

«ለማን? ለአይጥ?» ትልና ትስቃለች። «አንተ ሰውዬ፣ ወርቅ ወርቅ ነው። ጃንሆይ ተሳሉበት፣ ግመል ተሳለበት፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ ያው ነው።»

እኔ ደግሞ እንደ ቄስ እሰብካለሁ። ተራ ወርቅ ገበያ አለው፤ ዛሬ ይወጣል ነገ ይወርዳል፣ የትም አገር በግራም ይሸጣል። የመታሰቢያ ወርቅ ግን ገበያ ሳይሆን ወዳጅ ነው የሚያስፈልገው፤ ፊቱን የሚወድለት ሰው ካላገኘ ከቁርጥራጭ ጉትቻ አይሻልም፣ ካገኘ ግን የግራሙን ዋጋ ይረሳዋል። ለዚህ ነው ፊቱ የማይነካው፣ የማይፈተገው፣ የማይበየድበት። ይህን ስላት ዓይኗን በምድጃው ጭስ እያሻሸች «ወዳጅ ስታገኝለት ጥራኝ» ትለኛለች። ምትኩ ቦዳውን አቁሞ ሲገባ እዚህ ክርክር ላይ ነው የሚደርሰው። «ሙዜ፣ ዛሬስ ማማን ረታሃት?» ይለኛል፤ ሙዜ ማለቱ ሽማግሌው ነው። ከዚያ ወርቁን ከአንገቷ ላይ ሳያወልቅ በጣቱ ያዞረውና «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» ይላል። እኔ ሁልጊዜ ዘውድ፣ እሷ ሁልጊዜ ጎፈር። ዳኛው ልጇ ነው፤ ወርቁን እንደፈለገ ስለሚያዞረው ማን እንደሚያሸንፍ ታውቃላችሁ።

አስካለ አንድ ቋጠሮ ነበራት። የስኳር ከረጢት፣ የወተት ጀሪካን፣ የፍየል ገመድ፣ ሁሉንም በዚያ ቋጠሮ ነው የምታስረው። አንዱን ጫፍ ከሳባችሁት ወዲያው ይፈታል፤ ሌላውን ከሳባችሁት ይጠብቅና ጥርስም አይፈታውም። የትኛው ጫፍ እንደሆነ የሚያውቀው የቤቷ ሰው ብቻ ነው። ስኳሯን ሊሰርቅ የሞከረ ሁሉ ቋጠሮውን ያጠብቀዋል፣ ከዚያ በቢላ ይቆርጠዋል። በዚህ ነው የምታውቀው። «እጁ የቤት እጅ አይደለም» ትላለች ክሩን አይታ። ለእኔም አሳይታኛለች፤ እኔም ከቤት ተቆጠርኩ ብዬ ኮርቼ ነበር።

ከዚያ ያ የጥይት ሰሞን መጣ። ማን ከማን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም፤ የገባኝ ቢኖር እዚህ ማዶ ቤት መቃጠሉና ሁላችንም ፍራሽ ተሸክመን ኬላውን ወደ ኢትዮጵያ መሻገራችን ነው። ስንመለስ የእኔ ሱቅ በሩ ተሰብሯል፣ የአስካለ ምድጃ እንደቆመ ነው፣ የምትኩ ቦዳ ግን ብረቱ ብቻ ቀርቷል። ያ ልጅ ከዚያ ወዲያ አልሳቀም። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ ይዘው ነበር፤ የደረሱት ነጭ ጫማ አድርገው የተነሱትን ፎቶ ይልካሉ፣ ያልደረሱት ምንም አይልኩም። ሰው የሚያየው የተላከውን ፎቶ ነው። አስካለ ለመነችው፣ አለቀሰች፣ አኮረፈች፤ በመጨረሻ እንደማይቀር ሲገባት ወርቁን ከአንገቷ ፈታችው።

እዚሁ ሱቄ ውስጥ፣ እኔ እያየሁ፣ የሱሪውን ወገብ ከውስጥ በኩል ገልብጣ በዚያው ጥቁር ክር ወርቁን አሰረችው። በራሷ ቋጠሮ። «የትኛውን ነው የምትስበው?» አለችው።

«ማማ፣ አውቃለሁ።»

«ሳብ፣ ልይህ!»

ሳበው፤ ተፈታ። መልሳ አሰረችው። እኔም ዝም ማለት አልሆነልኝም፣ ሙያዬ ነዋ። «ስማ ምትኩ» አልኩት፤ «ቸግሮህ ብትሸጠው ወርቅ ቤት አትግባ። ወርቅ ቤት ፊቱን አያይልህም፣ ቁርጥራጭ መሐል ይወረውረዋል። ናይሮቢም ሆነ ሌላ ከተማ ድሮ ሳንቲም የሚገዛ ሰው አይጠፋም፤ እሱን ፈልግ። ማንጠልጠያው ቢያበላሸውም ከግራም ይሻላል። በሚዛን አትሽጠው። በል ድገምልኝ።»

«በሚዛን አልሸጠውም» አለ። ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ዘውድ ነው አይደል የምትለው ሙዜ?» ብሎኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወጣ። የቡና ቀለም ያለው ሹራብ ለብሶ ነበር። በዚያ ሙቀት ሹራብ ምን ያደርግልሃል ብዬ ልቆጣው ስል ለደቡቡ ብርድ መሆኑ ትዝ አለኝና ዋጥኩት።

ከናይሮቢ ደወለ። ከታንዛኒያ ድንበር ወዲያም በሰው ስልክ ደወለ፤ ደህና ነኝ፣ ብዙ ነን፣ በመኪና ልንሄድ ነው አለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ የለም። መጀመሪያ ወራት ነው ያልን፣ በኋላ ወራቱን መጥራት ተውን። አስካለ መብራት በጠፋ ቁጥር ስልኳን ይዛ ጄኔሬተር ወዳለው ሱቅ ትሮጣለች፤ ቁጥሯን አትቀይርም፤ እሁድ ኬላውን ተሻግራ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም ስልኳን አታጠፋም፣ ቅዳሴ መሐል ጮሆ ቄሱ ገሥጸዋታል። ሰው «አይዞሽ፣ እስር ቤት ይሆናል፣ ይፈቱታል» ይላታል። በአገራችን እስር ቤት ተስፋ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ያኔ አየሁ። በዚያ መሐል አስፋልቱ ደረሰ። የመንገዱ ማሽኖች ሲያልፉ ልጆች ተሰልፈው ያጨበጭቡ ነበር፤ እሷ በሯ ላይ ቆማ «ይሄ ቀደም ብሎ መጥቶ ቢሆን እዚሁ ሥራ ያገኝ ነበር» አለችኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በፊት በቀለ የሚባል ሹፌር ሱቄ ገባ። የሐዋሳ ልጅ ነው፤ ለኬንያ ባለመኪና እየነዳ እስከ ናማንጋ፣ እስከ ታንዛኒያው ኬላ ድረስ ይሄዳል። ሳንቲም ባገኘ ቁጥር ለእኔ ነው የሚያመጣው። «ጋሼ፣ ዛሬስ ጉድ ይዤልዎት መጥቻለሁ!» ብሎ መስተዋቱ ላይ አኖረው። ጃንሆይ። ማንጠልጠያ። ማንጠልጠያው ውስጥ የተጨማደደ ጥቁር ክር።

ያን ማንጠልጠያ ስንት ዓመት ረግሜዋለሁ። የዲላው አንጥረኛ ብየዳውን ወደ ግራ አዝምሞት ነበር፤ በዓለም ላይ እንደዚያ የተበላሸ ሌላ ወርቅ የለም። ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ከሌሎቹ ወንድሞቹ በምን እለየው ነበር?

«ከየት አገኘኸው?» አልኩት፤ ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ።

«ናማንጋ አንድ ወርቅ ገዢ አለ። ቁርጥራጭ ነው የሚገዛው፤ የተሰበረ ቀለበት፣ የጥርስ ወርቅ፣ ምን የማይገዛው አለ? ቆርቆሮው ውስጥ ነበር። ለእርስዎ ብዬ ነው ያወጣሁት።»

«እሱስ ከማን ገዛው?»

«ከወዲያ ማዶ ያመጡለታል። ከማን አይባልም ጋሼ፤ እዚያ ሁሉም ነገር ሚዛኒ ነው። መዝኖ ፔሳውን ይሰጣል፣ ስም አይጠይቅም።»

ከዚያ ዋጋ ጠራ። ከግራሙ በላይ ነው የጠራው፤ ቅር ያለኝ መሰለውና «እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ የመታሰቢያ ወርቅ በግራም አይለካም የሚሉት?» አለኝ። አልተከራከርኩም። ያለኝን ሰጠሁት። ደንግጦ አየኝ፤ አባ ሳንቲም ሳይከራከር ሲገዛ አይቶ አያውቅም።

መርዶ በእኛ አገር ወግ አለው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ተነግሮ፣ ማለዳ ነው የሚረዳው። እኔ ግን ምን ብዬ ሽማግሌ ልሰብስብ? ሞተ ያለኝ ሰው የለም። እጄ ላይ ያለው ወርቅ ነው፣ ወርቅ ደግሞ አይናገርም። ብቻዬን ገባሁ። ማንዳዚ እየጠበሰች ነበር። እጄን ስዘረጋላት አየችውና ማንኪያው ከእጇ ወደቀ።

«ምትኩ መጣ?» አለችኝ፤ በእኔ ትከሻ ላይ አሻግራ በሩን እያየች።

«አልመጣም። ወርቁ ነው የመጣው።»

ከበቀለ የሰማሁትን ነገርኳት። አልጠበቅሁትም፤ እልል ልትል ምንም አልቀራት። «ሸጦታል! ሸጦ በልቶበታል ማለት ነው! እሰይ የኔ ልጅ! ለዚህ አይደል እንዴ የሰጠሁት?» ሳመችው፣ ግንባሯ ላይ አደረገችው። እኔም በእግዚአብሔር ፊት አምኛት ነበር፤ ሰው የሚፈልገውን ሲሰማ ማመን አይከብደውም። ቁጭ አልን። ምድጃው ላይ ያለው እስኪያር ድረስ አላስተዋልነውም። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ሰውየው በምን ገዛው አልከኝ?»

«በሚዛን።»

«ለሰውየው የሸጠለትስ በምን ሸጠለት?»

«ያው በሚዛን ነው።»

«ምትኩ በሚዛን አይሸጠውም» አለች። «አንተ ነግረኸዋል። አስደግመኸዋል።»

«ቸግሮት ይሆናል አስካለ። የራበው ሰው ፊት አይመርጥም።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለች፤ እኔን ለማጽናናት ይመስል ነበር። ወርቁን አዞረችው። ጣቷ ማንጠልጠያው ላይ ሲደርስ ቆመ። ያችን የክር ቁራጭ በጥፍሯ ለየቻት። ጠጋ ብዬ አየሁ። ቋጠሮው እንዳለ ነው፤ በተሳሳተው ጫፍ ተስቦ፣ ተስቦ እንደ ድንጋይ ጠብቋል። ጫፎቹ በስለት ተቆርጠዋል።

«እጁ የቤት እጅ አይደለም» አለች።

ተነሳችና ምድጃውን አጠፋች። ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን ነጠላዋን አወረደች፣ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ አዘቅዝቃ ለበሰችው። በሩ ላይ ሁለት ሹፌሮች ሻይ ሊጠጡ ቆመው ነበር፤ ነጠላውን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሷ ያለቀሰችው ድንኳን ከተጣለ በኋላ ነው።

አንዳንድ ሰው «ሬሳ ሳይታይ፣ ሰው ሳይመሰክር እንዴት ይለቀሳል?» ብሎ አማት። እሷ አልሰማችም። ስልኳን ለጎረቤት ልጅ ሰጠችው። ወርቁን በአዲስ ክር አንገቷ ላይ መለሰችው፣ አሮጌዋን ቁራጭ ግን ከማንጠልጠያው አላወጣችም። ከዚያ ወዲህ ስለ ሳንቲም ተከራክረን አናውቅም። አንዳንዴ ቁጭ ብለን ሳለ በጣቷ ስታዞረው አያት ነበር፤ ዘውድ፣ ጎፈር፣ ዘውድ፣ ጎፈር። ዳኛ የለም። እንዲህ እያለች ኖራ ባለፈው አረፈች።

የእህቷ ልጅ በነጋታው መጣ። «ጋሼ፣ ምን ደረሱበት?» አለኝ። ይህን ሁሉ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ልጁ የመጣው ወርቁን ሸጦ መቃብሯ ላይ ድንጋይ ሊያቆምላት ነው፣ አውቶቡሱም ሊነሳ ነው። ስለዚህ የጠየቀኝን መለስኩለት። «ማንጠልጠያ የተበየደበትን የሚሰበስብ ሰው አይፈልገውም። በሚዛን ሽጠው» አልኩት። ይህን ቃል ከአፌ ስሰማው «በሚዛን አልሸጠውም» ያለኝን የምትኩን ድምፅ ነው የሰማሁት። «ድንጋዩ ላይ ግን የምትኩንም ስም አጽፍበት፤ መቃብር የለውም» አልኩት። እሺ አለ፣ ስልኩ ላይም ጻፈው።

ከዚያ ወርቁን አንስቶ ክሩን አየውና «ይሄ ሲመዘን ያስቸግራል» ብሎ ከቁልፍ መያዣው ላይ ትንሽ ሰንጢ አወጣ።

«ቆይ» አልኩት። ተቀብዬው መነጽሬን አደረግሁ። ክሩን በምራቄ አራስኩት፤ በመርፌ ጫፍ ፈልጌ ትክክለኛዋን፣ ምትኩ ቢሆን የሚስባትን ጫፍ አገኘኋት። አጭር ናት፣ በጥርሴ ነው የያዝኳት። ሳብኳት፣ ተፈታ።

ልጁ ወርቁን በሶፍት ጠቅልሎ ሄደ። ክሩ ከመስተዋቱ ሥር ነው፣ ከጠገራው ጎን። ሹፌሮች ጎንበስ ብለው ያዩትና «አባ ሳንቲም፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይሉኛል። «መታሰቢያ ነው» እላቸዋለሁ።